ክዳኑ ላይ የተቀመጠው ሰው

እኛ ብሎክ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና በሚመጣበት ቀን እኔ ሥራ አልገባም። የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ የገባሁትም ለዚህ ብዬ ነው እንጂ ስብሰባ ወድጄ አይደለም። ከጠዋት ጀምሬ የጉድጓዱ ክዳን አጠገብ ቆሜ ልጅ የሚባል ዝር እንዳይል እጮሃለሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ይቆይ፣ ነፋስ ይግባበት፣ ማንም አንገቱን እንዳያሰግግ፣ ሲጋራ የያዘ ከዚህ ይራቅ እላለሁ። ሠራተኞቹ ለምደውኛል። ጎረቤቶቼ ግን በረንዳ ላይ ወጥተው ይስቁብኛል። አንዷ፣ ሃኒ የምትባለው፣ «ኢክላስ፣ ወርቅ ነው እንዴ እዛ ውስጥ የቀበርሽው?» ትለኛለች። «አዎ» ብያት ልጆቹን ማባረሬን እቀጥላለሁ። ምን ልበላት?

አባቴ የተቀበረው ኮልፌ ነው። የሞተው ግን ጌጃ ሰፈር፣ የግቢያችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ይኼን ለሰው መናገር እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰው አባቴ በመኪና ሞተ፣ አባቴ በልብ ሞተ ይላል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ሞተ ስትይው ግን መጀመሪያ አፍንጫው ይሸበሸባል፣ ከዚያ ነው ማዘን የሚጀምረው። ስለዚህ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ግቢያችን የቀበሌ ቤት ነበር። በጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ቤቶች፣ መሃል ላይ አንድ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ ሁላችንም የምንጠቀምበት ሽንት ቤት። ቁልፉን ሰው ኪሱ ከቶት እንዳይሄድ ከአሮጌ ሲሊፐር ግማሽ ጋር ታስሮ ምስማር ላይ ይሰቀላል። አባቴ በከር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቆርቆሮ ይቀጠቅጥ ነበር፤ የከሰል ምድጃ፣ የልብስ መዘፍዘፊያ፣ የጣሪያ አሸንዳ ይሠራል። እጁ የማይገባበት ነገር አልነበረም። መብራት ቢጠፋ «በከርን ጥሩት»፣ በር ቢወላልቅ «በከርን ጥሩት»። የጉድጓዱን ክዳን የሠራውም እሱ ነው፤ ከወፍራም ላሜራ ቆርጦ፣ መሃሉ ላይ እጀታ በይዶበት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አጋንኜ አይደለም፣ እንዲያው እንደዚህ ያለ ሰው ነበር።

የግቢው መግቢያ ላይ የጋሽ ገብረየሱስ ሱቅ ነበረች። ጉራጌ ነው፣ ካቶሊክ፣ ዝምተኛ። ሚስቱ ፀሐይቱ ነች የምትናገርለት። ከአባቴ ጋር ግን ይጫወታል። በረመዳን ጥሩ ቴምር ለይቶ የሚያስቀምጥለት እሱ ነው፤ የሱቁ መዝጊያ ሲበላሽ በነፃ የሚጠግንለት አባቴ። ለእኔ ጋሽ ገብሬ ማለት ከረሜላ ማለት ነበር። ስኳር ልገዛ ስሄድ ምርቃቱን አይረሳም።

ከጉድጓዱ ጋር ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ቁርአን ቤት ኡስታዛችን ሽንት ቤት ስትገቡ ዱዓ አድርጉ፣ በግራ እግራችሁ ግቡ፣ በቀኝ ውጡ፣ እዚያ ቦታ ጂን አለ ብለውናል። እኔም ነገሩን የልጅነቴን ያህል ነው የተረዳሁት። ከላሜራው ሥር አንድ ፍጡር እንደሚኖር፣ ጉድጓዱ ሲሞላ እሱም ወደ ላይ ወደ ላይ እንደሚጠጋ አምን ነበር። በዚያ ሰሞን ጉድጓዱ ሞልቶ ከአፉ ደርሷል። እኔ ሽንቴን ይዤ ቁጢጥ ብዬ ማልቀስ ጀምሬአለሁ፤ እናቴ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ጦስኝ ታፈላልኝ ነበር።

መጣጭ መኪና በዚያን ጊዜ እንደ ሙሽራ ነው የሚጠበቀው። ተመዝግበን ተራችን አልደርስ ብሎ፣ ግንቦት ልደታ ከች ሊል ደረሰ። ለክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ትልቅ ቀን ነው፤ ንፍሮው ተቀቅሎ ደጅ ላይ ይበላል፣ እኛም ልጆቹ ሃይማኖት ሳንለይ እንሻማለን፣ ዘመድ ከየሰፈሩ ይመጣል። ፀሐይቱ «እንግዳ ጠርቼ የት ላስገባው ነው? እንዴት ያለ ውርደት ነው!» እያለች አፈር ልትበላ ደረሰች። መኪናው የመጣው በዋዜማው ነው። እልልታ ብቻ ነው የቀረን።

መኪናው በእኛ ቅያስ አይገባም። አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቱቦ በቱቦ እየተቀጠለ በሰው ደጅ፣ በሰው የልብስ ገመድ ሥር አልፎ ግቢያችን ገባ። ሞተሩ ሲነሳ ቱቦው መሬት ላይ ይንቀጠቀጣል። እኛ ልጆች በባዶ እግራችን ቆመንበት ሲውጥ እግራችንን እየኮረኮረን እንስቅ ነበር። ወፍራሙ ዝቃጭ እምቢ ሲል ሴቶቹ ውሃ ይደፉበታል፣ አባቴ በረጅም አጣና ገንፎ እንደሚያገነፋ ሰው ያማስለዋል። ሽታውን አላወራም። አባቴ አፍንጫውን በእናቴ ሻሽ አስሮ እንኳ ይቀልድ ነበር።

መኪናው ሞላ። ጉድጓዱ ግን ገና ከግማሹ ነው። ሠራተኞቹ ከታች ያለ የማዳበሪያ ከረጢት ቱቦውን እያነቀው ነው፣ ደፍተን እንመለሳለን፣ እስከዚያ አውጡት ብለው ሄዱ። አባቴ በሽቦ መንጠቆ ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ የእንጨት መሰላሉን አመጣ።

ጋሽ ገብረየሱስ ከሱቁ ወጥቶ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። «በከር፣ ተው» አለው። «ተከፍቶ ይደር። ነፋስ ይግባበት። ነገ ይወጣል።»

«ነገማ ልደታ ነው!» አለ አባቴ እየሳቀ። «እንግዶችህን እኔ ቤት ልታስገባቸው ነው? ደግሞ ይኸው ሽታውም ቀንሷል።»

«ስማኝ አልኩህ እኮ።»

«አንተ ሱቅህ ሂድ፤ ሰው ቆሞልሃል።»

እውነትም ሰው ቆሞ ነበር። ገብረየሱስ አንዴ ወደ ጉድጓዱ አንዴ ወደ ሱቁ አይቶ ሄደ። እኔ በልቤ፣ ይኼ ሰው ለራሱ በዓል አባዬ ሲለፋለት አይረዳውም እንዴ፣ አልኩ። ሰነፍ መሰለኝ።

አሁን ኮሚቴ ሆኜ ጠይቄ አውቃለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ወፍራሙ ታች ይዘቅጣል፣ ቀጭኑ ከላይ ይቀመጣል። የዘቀጠው እየበሰበሰ ጋዝ ይቋጥራል። ካልነኩት ቀስ እያለ በማስተንፈሻው ይወጣል፤ ሲያማስሉት ግን የቋጠረውን ባንዴ ይለቀዋል። ከአየር ስለሚከብድም እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። መጀመሪያ ይሸታል፤ ሲበረታ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ቀንሷል የሚል ሰው አፍንጫው ነው የሞተው።

አባቴ ሲወርድ እግሩን አየሁ። ቢስሚላህ አለ፤ ግን በቀኝ እግሩ ነው የገባው። «አባዬ፣ በግራ!» ልለው አስቤ ሰው ፊት አፈርኩ። አጎቴ አብዱልከሪም፣ የአባቴ ታናሽ፣ መሰላሉን ይዞ ነበር። አባቴ ከታች «ያዝኩት! ገመድ አቀብለኝ» ሲል ሰማን። አብዱልከሪም ገመድ ሊያነሳ ዞር አለ። መሰላሉ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«በከር?» አለ አጎቴ። «በከር! በከር!»

ገመዱን ወርውሮ በመሰላሉ መውረድ ጀመረ። ወገቡ ድረስ እንደገባ ጋሽ ገብረየሱስ እየሮጠ መጣ። ያ ዝምተኛ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። አጎቴን በኮሌታው ይዞ ጎትቶ እንደ ከረጢት መሬት ላይ ጣለው። አጎቴ ተነስቶ ሊመታው ሞከረና እግሩ ከዳው፤ ተንበርክኮ ማስመለስ ጀመረ።

እናቴ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥብ ነበር። የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ እንዳለ መጣች። አልጠየቀችም፣ አልጮኸችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ጉድጓዱ። ገብረየሱስ በወገቧ ያዛት። እጁን ነከሰችው። መሰላሉን ጨበጠች። ያን ጊዜ በጥፊ መታት። እናቴ ወደቀች፤ እኔ ጮህኩ። አባቴ እንኳ እጁን አንስቶባት አያውቅም። እሱ ግን ማንንም ሳያይ መሰላሉን መዝዞ ጣለ፣ አባቴ የሠራውን ላሜራ ጎተተና ጉድጓዱ ላይ ከደነው፤ ላዩ ላይ ተቀመጠበት።

«እሳት አደጋ ጥሩ!» ይላል። «ማንም አይወርድም! በመድኃኔዓለም፣ ማንም አይወርድም!»

ሰው ከየቤቱ ወጣ። «ምን ነካው ይኼ ሰውዬ! ሰው ውስጥ አለ እኮ!» እያሉ ጎተቱት። አንዱ በጫማ መታው። እናቴ ፊቱን ቧጠጠችው። እሱ እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ዛፍ ሥር ሰደደ። ደሙ በአገጩ ላይ ይወርዳል። እኔ እናቴ ቀሚስ ሥር፣ ክዳኑ አጠገብ ነበርኩ። ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ገብሬ ከዚያ ፍጡር ጋር ነው። አባዬን አስገብቶ ዘጋበት።

እሳት አደጋዎቹ የመጡት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ፊታቸው ላይ ጭንብል አጥልቀው በገመድ ታስረው ወረዱ። እናቴ ፊቴን ሆዷ ውስጥ ቀበረችው፤ ቢሆንም በጣቶቿ መሃል አየሁ። አባቴ እጁ ላይ የማዳበሪያውን ጫፍ እንደያዘ ነበር።

ለቅሶው ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል አለቀሰ። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ሳይቀቀል ቀረ። ጋሽ ገብረየሱስ ከእድርተኞቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ፤ ፊቱ የእናቴ ጥፍር አለበት። እናቴ አንተ ብላው የማታውቀውን ሰው «ተነስተህ ውጣልኝ» አለችው። «በቁሙ ከድነኸው አሁን ደግሞ ልታስተዛዝነኝ ነው? ውጣ!» እሱ ጫማውን ለማጥለቅ እንኳ ሳይቆም፣ ይዞት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ከሰፈሩ ጋር እሳት የማይጫጫር ሆነ። ማንም አድማ አልጠራም፤ ሰው በየልቡ ነው ያደመው። ለአንድ ክብሪት እስከ ዋናው መንገድ ይኬዳል። ሲያልፉ «ሰው በቁሙ የሚቀብር» ይባላል፣ እሱ እንዲሰማ ተደርጎ። ክረምቱ ሳይወጣ ፀሐይቱና እሱ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ደስ ነው ያለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አጎቴ አብዱልከሪም ስለዚያ ቀን አያወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ «መሰላሉ ላይ ሆኜ አንዴ ተነፈስኩ። ከዚያ እግሬ የኔ አልነበረም» አለኝ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?» ስለው «ወንድሜን ሞት ወሰደው፤ እኔን ሰው አተረፈኝ ብዬ ልናገር? በየትኛው አፌ?» አለኝ።

እናቴ ነፊሳ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ቴሌቪዥን እያየን ዜና መጣ። አንድ ቦታ ጉድጓድ ሲያጸዱ ሰዎች ሞቱ። አንዱ ወረደ፤ ሲዘገይ ወንድሙ ተከተለው፤ ወንድሙ ሲዘገይ ጎረቤት ተከተለ። እናቴ የሙስበሃዋን ጨሌ መቁጠር አቆመች።

«ሊያወጡ ነው የገቡት?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሙስበሃዋን ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ «ከአብዱልከሪም ቀጥሎ እኔ ነበርኩ» አለች። «አንቺ ሜዳ ላይ ትቀሪ ነበር።» ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። «ከገባኝ ቆይቷል። ከየት ብዬ ልጀምር? ያ ሰውዬ በሕይወት አለ ይሆን?»

በድሮው እድር ሰዎች በኩል አፈላልጌ ጀሞ አገኘሁት። ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ሙዝና ብርቱካን አስያዘችኝ። በሩን የከፈተችው ፀሐይቱ ናት፤ ጠጉሯ ጥጥ ሆኗል። እናቴን አይታ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አንገት ላንገት ተያይዘው በሩ ላይ ተላቀሱ። የእናቴና የሷን ለቅሶ ስሰማ ያን ድንኳን የሰማሁት መሰለኝ።

ጋሽ ገብረየሱስ ግማሽ ጎኑን ስትሮክ መቶት አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። እጁ ላይ የእናቴ ጥርስ ምልክት ካለ ብዬ ፈለግኩ፤ ሽብሽቡ ሸፍኖታል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ገብሬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የበደልኩዎትን ማን ይከፍለዋል?»

«አንቺ አልበደልሽኝም» አለ። ንግግሩ ይጎተታል፤ ግን ይሰማል። «እኔ አገሬ እያለሁ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቼ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ቀሩ። አንዱ አንዱን ሊያወጣ። እኔም ልከተል ስል አንድ መንገደኛ ከግንድ ጋር ጠፍሮ አሰረኝ። ረገምኩት። ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። ስለዚህ አንቺ ስትጠዪኝ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኝ ነበር እንጂ አልተቀየምኩሽም።»

እናቴ እጁን ይዛ ታለቅሳለች። እሱ ግን አልጨረሰም። ደህናውን እጁን አንስቶ ጠበቅ አድርጎ ያዛት።

«ነፊሳ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና ልሙት። ከከደንኩት በኋላ ተጣርቷል? ሰዉ ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ጆሮዬ የያዘው ነገር የለም። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ከድኜበት ከሆነስ?»

ፀሐይቱ «ተው በቃ፣ ገብሬ» አለችው። ይኼን ጥያቄ ስንት ዘመን ስትሰማው እንደኖረች ከድምፅዋ ያስታውቃል።

እናቴ ቀና አለች። «እኔ ያን ቀን ራሴን የማውቅ ሴት ነበርኩ? እሷ ነበረች ክዳኑ አጠገብ» ብላ ወደ እኔ አየች።

ሦስቱም አዩኝ። እኔ ሰምቼ ነበር። ከላሜራው ሥር የአባቴን ድምፅ ሰምቻለሁ። እንደተኛ ሰው፣ ወፍራምና ቀስ ያለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ነፊሳ» ነው ያለው። ለእናቴም፣ ለአጎቴም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ እንዳትሰማ ነበር የምጠብቃት። ያን ሰውዬ ስጠላው የኖርኩትም በዚያች አንድ ቃል ነው። አሁን ያ ሰው ግማሽ ፊቱ ወድቆ እንደ ሕፃን አፌን ይጠብቃል። ያን ቀን ክዳኑን ቢከፍተውም እናቴ ትወርድ ነበር እንጂ አባቴ አይወጣም ነበር። ይኼን አሁን አውቃለሁ። እሱ ግን ተጣርቷል ካልኩት ይኼን አያምንም፤ ሊያምንም አይችልም።

«አልተጣራም፣ ጋሽ ገብሬ» አልኩት። «ምንም ድምፅ አልነበረም። እኔ ጆሮዬ ላሜራው ላይ ነበር። ሲከድኑት አልቆ ነበር።»

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ?»

«ወላሂ» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ ፀሐይቱ ነጠላዋን አንስታ ጠረገችለት። በር ላይ ስንሰናበት ፀሐይቱ «ዛሬ ይተኛል» ብላ እጄን ሳመችው።

በታክሲ ስንመለስ እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ሜክሲኮ ደረስን። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ይጮሃል፤ ጭቃው፣ ሰልፉ፣ ጥሩምባው። ድንገት እጄን ያዘችኝ።

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ።

«ምኑን እማዬ?»

ወደ መስኮቱ ዞራ ነው የመለሰችልኝ።

«ተጣርቶኛል። እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «አቤት ሳልለው ነው የሄደው።»